ሦስተኛው የሕልም ምንጭ

ሕልም ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖር አማኝ ከአባቶቹ የወረሰው መልስ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዳንዱ ሕልም ከእግዚአብሔር ይላካል፣ አንዳንዱን ጠላት ዲያብሎስ ያሳያል፣ የቀረው ደግሞ ከራሱ ከተኛው ሰው፣ ማለትም ቀን ሲያወጣና ሲያወርድ ከዋለው ሐሳብ፣ ከምኞቱ፣ ከፍርሃቱ፣ ከሆዱም ጥጋብ ወይም ረኃብ ይነሣል። ይህ አከፋፈል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የሚያስተምሩት ሲሆን፣ በእስልምናም ከነቢዩ መሐመድ በተላለፈው ሐዲስ ሕልም ከአላህ የሚመጣ የምሥራች፣ ከሸይጧን የሚመጣ ማስፈራሪያና ሰው ከገዛ ነፍሱ ጋር የሚነጋገርበት ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ምንጮች ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሰብኳል። ሦስተኛው ግን «የቀን ሐሳብ ነው፣ ተወው» እየተባለ ከማለዳ ወሬ ሳያልፍ ኖሯል፤ ራሱን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው የተናቀው ምንጭ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ሕልም የሚታየውም የሚነገረውም በቤተሰብ መካከል ነው። ከፍታው በብዙ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው በመንዝ ምድር የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ስለ ሆነ፣ በድንጋይ በተሠራው ቤት ውስጥ ቤተሰቡ ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ፣ ተጠጋግቶ ያድራል፤ አንዱ ሲቃዥ ሌላው ይሰማል፣ ሕፃን ደንግጦ ሲጮኽ እናት «በስመ አብ» ብላ ታማትብበታለች፣ ቅዠት የደጋገመው ሰው ደግሞ ከራስጌው ዳዊት አድርጎ ይተኛል። ሲነጋ «ሕልም አየሁ» የሚል ሰው ገና ነገሩን ሳይጀምር አድማጩ «ለደግ ያድርገው» ይለዋል። ይህ አጭር ምላሽ ከጨዋነት ያለፈ ነገር አለው፤ ሕልም በአፍ ከተነገረ በኋላ የሚሰጠው ፍቺ የሕልሙን ዕጣ ይወስናል ከሚል የቆየ እምነት የተነሣ፣ አድማጩ አስቀድሞ በጎውን አፉ ላይ ያደርጋል። በዚሁ ምክንያት ሕልም ለማይወዱት ሰው አይነገርም፤ የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ሕልሙን ለወንድሞቹ ነግሮ ምን እንደ ደረሰበት የማያውቅ ምእመን የለምና።

«ሕልም እንደ ፈቺው» የሚለው ተረት ይህን እምነት በሦስት ቃል ይይዘዋል። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለፈቺው ሥልጣን ማስረጃ ሆኖ ነው፤ ልብ ብሎ ለሚመረምረው ግን ፈቺው የራሱን ፍላጎት በሌላው ሕልም ላይ ሊጭን እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። ፍቺው በቃል የሚተላለፍና በአብዛኛው አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ጥርስ ሲወልቅ ማየት የዘመድ ሞት፣ ጥሬ ሥጋ ማየት ሕመም ወይም ሐዘን፣ ሰርግ ማየት ለቅሶ ነው ይባላል። ሕልሙን ያየው ሰው ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ያልወለደ ይሁን የልጅ ልጅ ያየ፣ ትናንት የተጣላ ይሁን የታረቀ፣ ፍቺው አይለወጥም። እንዲህ ያለው የፍቺ ልማድ ሰውየውን ስለ ነገ ያስፈራዋል ወይም ያስደስተዋል እንጂ፣ ስለ ራሱ አንዳች የሚነግረው ነገር የለም። ሕዝቡ ግን ለዚህም ማርከሻ አላጣለትም፤ «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» እያለ፣ ሕልም የተፈራውን ያህል እንዳልሆነ ለራሱ ይነግረዋል።

በሸዋ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሕልም ጋር ከተያያዘ ሰዎች መካከል ከወይዘሮ እጅጋየሁ የበለጠ የሚታወቅ አይገኝም። በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ከመንዝ በተነሡት በአቤቶ ነጋሢ የተመሠረተው የሸዋ ሥርወ መንግሥት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በበረታበት ጊዜ፣ እጅጋየሁ በንጉሡ ቤት ከሚያገለግሉት ሴቶች አንዷ ነበሩ። በቃል ሲነገር የኖረውና ኋላም በታሪክ ጸሐፊዎች የተመዘገበው ትውፊት እንደሚለው፣ አንድ ሌሊት ከሰውነታቸው ፀሐይ ስትወጣ አዩ፤ ሕልማቸውን ለጓደኞቻቸው ነገሩ፣ ወሬው ከጓዳ ወደ እልፍኝ ደረሰ፣ በዚህም ምክንያት ከንጉሡ ልጅ ከኃይለ መለኮት ጋር ተገናኙ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለደው ልጅ ኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተብሎ ስለ ነገሠ፣ ሕልሙ እንደ ደረሰ ተቆጠረ።

የብርሃን ሕልም በዚህ አገር ለትልቅ ሰው መወለድ የተለመደ ምልክት ነው። በቡልጋ የተወለዱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድልም ወላጆቻቸው ከመፀነሳቸው በፊት ስለ ልጁ የብርሃን ሕልም ማየታቸውን ይተርካል፤ ስለዚህ የእጅጋየሁ ሕልም በሸዋ ሰው ጆሮ እንግዳ አልነበረም፣ ሰሚዎቹም ፍቺውን ለማግኘት አልተቸገሩም። በዚህ ትውፊት ውስጥ ግን የጎደለ ነገር አለ። ሕልሙ ለዘውዱ ማስረጃ ሆኖ ተጠብቋል፤ ያየችው ሴት በዚያ ማለዳ ደስ ብሏት ይሁን ፈርታ፣ በሰው ቤት እያገለገለች ስለ ራሷ ምን ታስብ እንደ ነበር፣ ፀሐይዋ ታሞቃት ይሁን ታቃጥላት የጠየቀ የለም። ዘሩ ሁሉ ነጋሢ በሆነበት ቤት ውስጥ ያለች አገልጋይ ፀሐይ ከእኔ ወጣች ብላ ስታልም፣ ትንቢት ቢሆንም ባይሆንም፣ የራሷን ዋጋ በተመለከተ ቀን በአፏ ልትናገረው የማትደፍረውን ነገር ሌሊት ማየቷ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሊመሰክር አይችልም፤ ሕልምን ለራስ ዕውቀት መጠቀም የሚጀምረው ግን እንዲህ ካለው ጥያቄ ነው። በተጨማሪም፣ ልጆቻቸው ያልነገሡ ስንት እናቶች ፀሐይ አይተው እንደ ነበር የሚቆጥር ባለመኖሩ፣ ደረሱ የተባሉት ሕልሞች ብቻ ተመርጠው እንደሚታወሱ መዘንጋት አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሕልምን በማመን ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ጥንቁቅ ናት። በአንድ በኩል አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን የሚያኖሩበትን ቦታ በሕልም ታዝዘው ግሸንን እንደ መረጡ ታስተምራለች፤ በሰሜን ሸዋ እንደ ጻድቃኔ ማርያምና እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ባሉት የጠበል ቦታዎች የሚሰበሰቡ ምእመናንም ቅዱሳን በሕልም ታይተው እንዳጽናኗቸው ወይም እንደ ፈወሷቸው ይመሰክራሉ። በሌላ በኩል ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ፣ ከልዑል ካልተላከ በቀር በሕልም መታመን ከንቱ መሆኑን በምዕራፍ 34 በብርቱ ቃል ይገሥጻል። መነኮሳት የሚያነቧቸው መጻሕፍትም የበቃ ሳይሆን በሕልሙ የሚመካ ሰው በቀላሉ እንደሚስት ያስጠነቅቃሉ። ልምድ ያለው የንስሐ አባት ሕልም ይዞ የመጣን ልጁን ወደ ፍቺ ከመቸኮል ይልቅ ስለ ኑሮው ይጠይቀዋል፤ ከማን ጋር ተጣልተሃል፣ ምን አስጨንቆሃል፣ ጸሎትህንስ ትተሃል ወይ ይለዋል። ይህ አባት ስለ ሥነ ልቡና ትምህርት አንድ መጽሐፍ አንብቦ ላያውቅ ይችላል፤ የያዘው መንገድ ግን ከሦስተኛው ምንጭ የሚቀዳ ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመንዝ ኖረ፣ የሕዝቡን አኗኗርና አስተሳሰብ አጠና፣ ከዚህ የተገኘውን መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ አሳተመ። ሌቪን የአማራን ባህል ለመረዳት ቁልፍ አድርጎ የወሰደው ቅኔን ነው፤ ላይ ላዩን የሚሰማው የቃል ትርጉም ሰም ሲሆን፣ በውስጡ የተሰወረው እውነተኛ መልእክት ወርቅ ይባላል። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ ባሳተመው የሕልም ትርጓሜ መጽሐፉ ያቀረበው ሐሳብ ለአማርኛ አንባቢ በዚህ መንገድ ቢገለጽ ወዲያው ይገባዋል። ፍሮይድ እንደሚለው ሰው በሕልሙ የሚያየው ታሪክ ውጫዊው ገጽ ነው፤ ከሥሩ ሰውየው ለራሱ እንኳ ሊያምነው የማይፈልገው ምኞትና ፍርሃት ተሰውሮ ይገኛል፤ ይህ ምኞት በግልጽ ቢመጣ እንቅልፍ ስለሚያሳጣ አእምሮ ሌላ ልብስ ያለብሰዋል። የተሰወረውንም ለማውጣት ፍሮይድ በየምስሉ ላይ በሽተኛውን «ይህ ሲነሣ ምን ትዝ ይልሃል?» እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ከአድማጭ ኪስ የሚወጣ የተዘጋጀ ፍቺ ለብቻው አይበቃውም ነበር።

ሰምና ወርቅ ግን ሕልምን ለማስረዳት የሚያገለግለው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው አውቆ ነው፤ ጉባኤው ሲፈታለት ይደሰታል፣ ሳይፈታለት ቢቀርም ምሥጢሩ በእርሱ ዘንድ አለ። ሕልም አላሚው ግን የገዛ ሕልሙን ፍቺ እንደ ማንኛውም ሰው ይፈልጋል እንጂ በእጁ አይዘውም። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ፍሮይድን እስከ ዛሬ ሲከተለው የሚኖር ነው፤ ሰሙ ባለበት ሁሉ ወርቅ ይኖራልን? ፍሮይድ ለብዙው ሕልም ያገኘው ፍቺ ወደ ሩካቤ ምኞት ማዘንበሉ እርሱም ከ«ሕልም እንደ ፈቺው» ተረት እንዳላመለጠ ያሳያል። የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ ከፍሮይድ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1913 ገደማ ሲሆን፣ ለዩንግ ሕልም የሚያሟላ ነው፤ ቀን በኩራት የሚኖር ሰው ሌሊት ሲዋረድ፣ ቀን ራሱን የናቀ ሌሊት ሲከበር ያያል፣ በዚህም ሰውየው የተወው ግማሽ ማንነቱ ወደ እርሱ ይመለሳል። የእጅጋየሁን ፀሐይ ዩንግ ሰምቷት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምሳሌ ባልፈለገም ነበር።

የእንቅልፍ ሳይንስ ነገሩን በሌላ በኩል ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይን በየጊዜው ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስና በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልም እንደሚናገር አስታወቁ። ሌሊቱ በየ90 ደቂቃው ያህል በሚመላለስ ዙር ይከፈላል፤ በየዙሩ መጨረሻ የሚመጣው የፈጣን ዓይን እንቅስቃሴ እንቅልፍ በአዋቂ ሰው ከሌሊቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይይዛል፣ ወደ ንጋት ሲቃረብም እየረዘመ ይሄዳል። ሰው የሚያስታውሰው በአብዛኛው ከዚህ እንቅልፍ ሲነቃ ያገኘውን ሕልም ነው። ለሰዓታት ወይም ለማኅሌት ሌሊት የሚነሡ ካህናትና ደባትር፣ ብርድ የሚቀሰቅሳቸው አዛውንት፣ የሚጠባ ልጅ የያዘች እናት ከሌላው ይልቅ ብዙ ሕልም ማስታወሳቸው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ሊነጋጋ ሲል የታየ ሕልም ይደርሳል የሚለው አነጋገርም ቢያንስ አንድ እውነት አለው፤ የንጋቱ ሕልም ረዥም፣ ጥርት ያለና ከነቁ በኋላ በልብ የሚቀር ነው።

በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ፍሮይድን የሚቃወም ሐሳብ አቀረቡ። በእነርሱ አባባል ሕልም የሚጀምረው ከአንጎል ግንድ ያለ ሥርዓት በሚነሣ ምልክት ነው፤ የላይኛው የአንጎል ክፍል ለደረሰው ዝብርቅርቅ ምልክት መልክ ለመስጠት ሲል ታሪክ ይሠራለታል፤ ስለዚህ የተሰወረ ምኞት መፈለግ አያስፈልግም። ይህ ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። ነገር ግን ምልክቱ ዝብርቅርቅ ቢሆን እንኳ ታሪኩን የሚሠራው አእምሮ የማን ነው? ያው ድንጋጤ በመርሐቤቴ ገበሬ እንቅልፍ ውስጥ የጀማን ወንዝ ሙላት ሊያመጣ ይችላል፣ በአዲስ አበባ ተማሪ እንቅልፍ ውስጥ ደግሞ ያልተዘጋጀበትን ፈተና። ሁለቱም ፈሩ፤ ፍርሃታቸውን ያለበሱት ልብስ ግን ከየኑሯቸው የተቆረጠ ነው።

ይህን በቁጥር ለማየት የሞከሩት ካልቪን ሆልና ሮበርት ቫን ደ ካስል ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ200 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰበሰቡ 1,000 ሕልሞችን ማን እንደ ታየ፣ ምን እንደ ተደረገና ምን ስሜት እንደ ነበረ እየለዩ ቆጠሩ። ከመልካም ዕድል ይልቅ መጥፎ ዕድል፣ ከደስታም ይልቅ ሥጋትና ንዴት በልጦ ተገኘ። ሆል ከዚህና ከሌሎች ብዙ የሕልም መዝገቦች ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ሕልም ከቀን ኑሮ ጋር የተያያዘና ሰውየው ነቅቶ የሚያስብበትን ነገር ተከትሎ የሚሄድ ነው የሚል ነው፤ አንድን ሕልም ለብቻው ከመፍታት ይልቅ የአንድን ሰው ብዙ ሕልሞች በተከታታይ ማየት የሰውየውን ጭንቀትና ፍላጎት ይገልጣል። ሮዛሊንድ ካርትራይት የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ ትዳራቸው ፈርሶ በጭንቀት የወደቁ ሰዎችን ሲያጠኑ፣ የተለዩትን የትዳር ጓደኛ በስሜት እያለሙ የቆዩት ካላለሙት ይልቅ ከጊዜ በኋላ በተሻለ ሁኔታ ማገገማቸውን አይተዋል። ስለዚህ ክፉ ሕልም ሁልጊዜ የክፉ ነገር ምልክት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ነፍስ ቁስሏን የምታክምበት መንገድ ነው።

በመንዝ ስለ ሕልም ሲነሣ የቡዳ ነገርም አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመንዝ ጥናት ያደረገው ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ የቡዳን እምነት በሰዎች መካከል ካለው ሽኩቻና ቅናት ጋር አያይዞ ተርጉሞታል። በሕልሙ ጎረቤቱ ሲያሳድደው አይቶ ሲነጋ በቡዳነት የሚጠረጥረው ሰው፣ በራሱ ውስጥ ያለውን ቅሬታ በሌላው ላይ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። በሕልም የታየው ጎረቤት ግን ያን ሌሊት የተኛው በገዛ ቤቱ ነው፤ አላሚው ያየው ስለዚያ ጎረቤት እርሱ ራሱ የያዘውን ሐሳብ ነው፣ የሚጠየቀውም እርሱ ነው። ከወሰን ክርክር፣ ከበግ መጥፋት ወይም ከውርስ ጠብ በኋላ የታየ ሕልም ምንጩን በዚያ ቢፈልጉት በብዙው ይገኛል። በዚህ ጉዳይ ቸልተኝነት የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ በሕልም ምክንያት የተጠረጠረና ከማኅበር የተገለለ ሰው ራሱን የሚከላከልበት መንገድ የለውምና።

ዱካክም እንዲሁ ለብዙዎች የማያጠራጥር የመንፈስ ሥራ ነው። ሰውየው ይነቃል፣ ቤቱን ያያል፣ ነገር ግን እጅና እግሩ አይታዘዝለትም፣ ደረቱ ላይ አንዳች ከባድ ነገር የተጫነው ይመስለዋል፣ መጮኽ ቢፈልግ ድምፅ አይወጣውም። የእንቅልፍ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በፈጣን የዓይን እንቅስቃሴ እንቅልፍ ጊዜ ሰው ሕልሙን በአካል እንዳይፈጽም ጡንቻዎቹ ይለቃሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ጡንቻ ሳይነቃ ሲቀር ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ይህ ሁኔታ ይፈጠራል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከመቶ ሰዎች ስምንቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ያውቁታል። ድካም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፤ ጫት የሚቅሙ ሰዎችም መቃም ሲያቆሙ የሚይዛቸውን አስፈሪ ሕልም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ማማተብ ፍርሃትን ያበርዳል፣ ማንም አይከለክለውም፤ የዱካክ ዋናው መድኃኒት ግን የተስተካከለ እንቅልፍ ነው።

የተለመደውን የጥርስ ሕልም ከቅርብ ማየት የሁለቱን አካሄዶች ልዩነት ግልጽ ያደርጋል። አንዲት ሴት የፊት ጥርሷ በእጇ ላይ ሲወድቅ አየች እንበል። በልማዱ ዘመድ ይሞትባታል ተብላ ለሳምንታት ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። በሌላው አካሄድ ግን መጀመሪያ አካሏ ይጠየቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በእስራኤል የተደረገ ጥናት የጥርስ ሕልም የሚያዩ ሰዎች ሲነቁ በጥርሳቸውና በድዳቸው ውጥረት እንደሚሰማቸው፣ ከአእምሮ ጭንቀት ጋር ግን ግንኙነት እንዳልታየበት ገልጿልና፣ ተኝታ ጥርሷን ታፋጭ እንደ ሆነ ማወቅ ይቀድማል። ይህ ካልሆነ የተሰማት ስሜት ይጠየቃል። ደንግጣ ነበርን፣ ወይስ ያፈረችው ሰው እንዳያያት ነው? ጥርሱን በመሐረብ ቋጥራ ልትደብቀው ሞክራ ከነበረ፣ በሕልሙ ውስጥ ትልቁ ነገር ሐፍረቱ እንጂ ጥርሱ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ትናንት የት እንደ ዋለች፣ ማን ምን እንዳላት፣ በዚያ ሳምንት በሰው ፊት ልትናገር የነበረውን ነገር ውጣ እንደ ሆነ ይታያል። መልሱ ከእርሷ አፍ ይወጣል፤ ሰሚውም ሲሰማው ሳይሆን እርሷ ራሷ ስትናገረው «አዎ፣ ይኸው ነው» የምትልበት ቅጽበት አለ፣ የፍቺው ማረጋገጫም ከዚህ ሌላ የለም።

ሕልሙን በዚህ መንገድ ሊመረምር የሚፈልግ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም፤ ሲነቃ ሳይነሣና ከሰው ጋር ሳይነጋገር ያየውን በደብተር ይጽፋል፣ መጻፍ የማይችል ደግሞ በስልኩ ድምፁን ይቀዳል ወይም ሳይቆርጥ ለሚያዳምጠው ሰው ይነግራል። ሕልም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ መቸኮሉ ያስፈልጋል። ከታሪኩ ቀጥሎ የተሰማውን ስሜትና በዋዜማው የሆነውን ነገር በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ያኖራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገጾቹን ሲገልጥ ደጋግሞ የሚመጣ ሰው፣ ቦታ ወይም ፍርሃት ያገኛል። በሕልሙ ሲሮጥ ዘወትር አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሲቀር ራሱን የሚያይ ሰው ምናልባት በእውኑም ከአንድ ውሳኔ ፊት ቆሟል። ከዚህ በላይ መሄድ፣ ማለትም በደብተሩ ላይ ተመሥርቶ ማግባት፣ መፋታት፣ መሸጥ ወይም መክሰስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሕልም ሰውየው ምን እንደሚያስጨንቀው ያሳያል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ሊወስንለት አይችልም።

የደብተሩ መንገድ የማይበቃበት ሁኔታም አለ። ጦርነት፣ ግድያ ወይም መፈናቀል ያየ ሰው ያንኑ ነገር ሌሊት ሌሊት ደጋግሞ ሊያይ ይችላል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ የሆነውን ያዩ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ከዚህ ነፃ ናቸው ብሎ ማሰብ አይቻልም። የፊንላንድ ተመራማሪዎች በኩርድ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት አደጋ የደረሰባቸው ልጆች በሰላም ካደጉት ይልቅ ብዙና ከባድ የአደጋ ሕልም እንደሚያዩ ተረጋግጧል። ለእንዲህ ያለው ቅዠት የታወቀ ሕክምና አለ፤ ሰውየው በባለሙያ እየታገዘ ቅዠቱን ይጽፋል፣ መጨረሻውን ወይም የፈለገውን ክፍል ወደሚሻለው ይለውጣል፣ የተለወጠውንም ቀን ነቅቶ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃዎች በሐሳቡ ይለማመደዋል። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ ቅዠቱ መቀነሱን፣ እንቅልፉም መሻሻሉን አሳይቷል። ስለዚህ ቅዠቱ ለሳምንታት የተደጋገመበት፣ መተኛት እስኪፈራ ድረስ የደረሰ ወይም ቀን ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሕልሙን ለጤና ባለሙያው ሊነግር ይገባል፤ ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ጠበሉን መተው አያስፈልገውም፣ ሐኪም የሰጠውንም መድኃኒት በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ ቤተሰቡ ሊረዳው ይገባል።